በሰው ቀንበር ለጋስ

እኛ ያደግንበት ጨዋነት እንዲህ ነው። እንግዳ ቤት ገብቶ አንድ ዕቃ ዐይኑ ሲገባና «እንዴት ያምራል!» ሲል፣ ባለቤቱ «ያንተው ይሁን፤ ውሰደው» ይላል። እንግዳውም «ለባለቤቱ ይባርክለት» ብሎ ይመልሳል። አለቀ። ዕቃው ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ተከባብረዋል። «ውሰደው» ማለት ውሰደው ማለት አይደለም። ይህን የጋይንት ልጅ ጡት ሳይጥል ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ግን አያስተምሩትም መሰለኝ። ካስተማሩትም ዶክተሩ ያን ዕለት ከክፍል ቀርቷል።

እስካሁን ንዴቴ አልበረደልኝም። ሰዉ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ይሥቃል። ይሣቅ! ቀንበሩ ያልተወሰደበት ሰው ጥርሱ ምን ቸገረው! ያውም ቀንበሩ የገዛ ራሴ ቢሆን ምን ነበረበት፤ እኔ የለገስኩት የአያ ታከለን ቀንበር ነው።

አያ ታከለ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ ዳልቻ ይባላል። እርሳቸውም አንድ በሬ አላቸው፤ ቦራ ይባላል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሁለታችን መቀናጆ ነን፤ በሬዎቻችንን አጣምደን አንድ ቀን የኔን መሬት፣ አንድ ቀን የርሳቸውን እናርሳለን። ሞፈሩ የኔ ነው፤ ቀንበሩ የርሳቸው። ያን ቀንበር አባታቸው ከቆላ ዋንዛ አስመጥተው በእጃቸው የጠረቡት ነው። ቀላል ነው፤ ልስልስ ያለ ነው። አያ ታከለ ዝናብ ሲጥል አስቀድመው ቀንበሩን፣ ቀጥለው ሚስታቸውን ነው ከደጅ የሚያስገቡ። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ እንድታውቁልኝ ነው።

መቼም ጣጣ ሲመጣ ቀጥ ባለ መንገድ አይመጣም። የኛ ጣጣ የመጣው በተቆራረጠ ስልክ ነው። ሊቀ መንበራችን ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሳለ ከወረዳ ተደወለለት። «ሐሙስ ዶክተር ይመጣል… የቁስ… ቁሳ… ሕዝቡን አሰባስብ» ብሎ ስልኩ ጸጥ አለ። የጎደለውን ሊቀ መንበሩ በገዛ ራሱ ሞላው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ምን ብሎ ለፈፈ መሰላችሁ? «የቁስል ዶክተር ሐሙስ ይመጣልና ማንም እንዳይቀር!»

ማን ይቀራል? ሐሙስ ዕለት አገሩ ሁሉ ቁስሉን ይዞ ወጣ። ቁስል ያጣው የድሮ ጠባሳውን ይዞ መጣ። መኪና ሊደርስ የሚችለው እስከ እኔ ግቢ በር ድረስ ብቻ ስለሆነ ሰዉ የተሰበሰበው እኔ ደጅ ነው። የመንግሥት እንግዳ ሁሉ የኔ እንግዳ ነው። ሌላው ከመንገድ ርቆ ቤቱን የሠራው ብልህ ሆኖ እንደሆነ የገባኝ ገና አሁን ነው።

የዳልቻም ጫንቃ ትንሽ ተልጦ ነበር። ባለቤቴ ይታይሽ «ለሰው የሆነ መድኃኒት ለበሬ ምን ይከለክለዋል? አውጣውና ይየው» አለችኝ። እኔም በሬዬን አወጣሁ። ዶክተሩ ምን አቆሰለው ብሎ ቢጠይቀኝ ላሳየው ብዬ ከረቡዕ እርሻ እኔ ቤት ያደረውን ቀንበርም ተሸክሜ ወጣሁ። ወይ አለመታደል! ዳልቻን ብቻ ባወጣ ኖሮ ዛሬ እናንተ ስለ ሌላ ሰው ጅልነት ታነቡ ነበር።

መኪናው መጣ። ዶክተሩ ወረደ፤ ጺሙን ያሳደገ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ትሑት የሚመስል ጎልማሳ ነው። ገና እግሩ መሬት ሳይረግጥ የአጥቢያችን ቄስ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቅልጥማቸውን ዘረጉለት።

«ይኸውልህ ልጄ፤ ሲያሻው ይደርቃል፣ ሲያሻው ይመረቅዛል።»

ዶክተሩ ወደ ኋላው አፈገፈገ። «አባታችን፣ እኔ የሕክምና ዶክተር አይደለሁም። የቁሳዊ ባህል ተመራማሪ ነኝ።»

«እኮ! የቁስል!»

«ቁሳዊ ነው አባታችን። ቁስ ማለት ዕቃ ማለት ነው። ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ነው የማጠናው።»

ቄሱ ቅልጥማቸውን ሸፈኑ። «አይ ስምንተኛው ሺህ! ለዕቃ ዶክተር ተገኘ፤ ለሰው ጠፋ!» ብለው ሄዱ። ሰዉም ጠባሳውን እየሸፋፈነ፣ ሊቀ መንበሩን እየረገመ ተበተነ። ደጁ ላይ የቀረነው እኔ፣ ዳልቻና ቀንበሩ ነን። እኔ የት ልሂድ? ቤቴ ነው!

«እርስዎስ ምን ይዘዋል አባቴ?» አለኝ ዶክተሩ። አባቴ! በዕድሜ ብበልጠው ባሥር ዓመት ነው። ግን እንግዳ ነውና ዋጥ አደረግሁት።

«በሬዬ ጫንቃው ተልጦ ነበር። ይኸው፣ ይኼ ቀንበር ነው ያቆሰለው» አልኩት።

ሰው ሆኖ «ምስኪን» አይልም? የዳልቻን ቁስል ባጠገቡ አልፎት ቀንበሩ ሥር ቁጢጥ አለ። እንደ ሕፃን ጭንቅላት ይደባብሰው ጀመር። «እንዴት ያለ ውበት ነው! ይህን የመሰለ ሥራ በሕይወቴ አላየሁም» አለ። በሬዬን ያቆሰለውን ነው እኮ የሚያሞግሰው! ዳልቻ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ግን እንኳን የበሬ ትዝብት የሰው ትዝብትም አልታየኝ። እንግዳ ቤቴ ደጅ ላይ ቆሞ ዕቃ አሞገሰ፤ አፌ ደግሞ ከናቴ የተማረውን ያውቃል።

«የርስዎው ነው፤ ይውሰዱት። ምን ቁም ነገር አለው? እንኳን ቀንበሩ ቤቱም የርስዎ ነው» አልኩ። ብዬም «ለባለቤቱ ይባርክለት» እስኪለኝ ጠበቅሁ።

«በእውነት?» አለ ዐይኑ ፈጥጦ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን ውለታ አንረሳም!» አለና ቀንበሩን ባንድ በኩል ብድግ አደረገው።

አሁንም ጠበቅሁ። ቀልድ ነው፣ ሊያስቀምጠው ነው ስል ሾፌሩ ገመድ አወጣ። ቀንበሩ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጣ። «አባቴ፣ በዚያ በኩል ይያዙልን» አሉኝ፤ ያዝኩላቸው። «ጠበቅ ያርጉት» አሉኝ፤ ጠበቅ አደረግሁት። የሰው ቀንበር ሲወሰድ ገመዱን ያጠበቀ እንደኔ ያለ ሰው በዚህ አገር ተወልዶ ያውቃል?

ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል። ይሉኝታ የሚባለውን በሽታ የማታውቁ ናችሁ እንዴ? ከአፌ ያወጣሁትን በእንግዳ ፊት እንዴት ልብላው? ደግሞስ የኛ ኑሮ እንዲህ ባለው ቃል አይደለም ወይ የቆመው? ሰው ቤት ሄደህ «ብላ» ሲሉህ «ጠገብኩ» ትላለህ። ጠግበህ አይደለም፤ አንጀትህ ተጣብቋል። ባለቤቱም ያውቃል፤ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይልሃል፤ ያኔ ትበላለህ። «ጠገብኩ» ያለውን ሁሉ ቃሉን አምነው ገበታውን ቢያነሡበት ኖሮ ያገሬ ሰው ይኼኔ በረሃብ አልቆ ነበር። ዶክተሩ ግን ገበታውን አነሣ። ያውም የሰው ገበታ!

መኪናው ከኮረብታው ሲሰወር ይታይሽ ከበሩ ላይ ቆማለች። «የማንን ቀንበር ነው የሰጠኸው?» አለችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በማግስቱ ጧት አያ ታከለ ቦራን እየነዱ መጡ። «በል ቀንበሩን አውጣ፤ ደመናው ከብዷል» አሉ።

«አያ ታከለ፣ ቀንበሩ እኮ… ለጥናት ሄዷል።»

«ለጥናት? ፈተና ሊፈተን ነው?»

«አይ፣ ዩኒቨርሲቲ ወስዶት ነው።»

«ልጆቼ ያልገቡበት ዩኒቨርሲቲ ቀንበሬ ገባ በለኛ!» አሉ። መጀመሪያ እየቀለድኩ መስሏቸው ነበር። ፊቴን ሲያዩ ግን የያዙትን አለንጋ ጣሉት። «ስጠኝ ሲልህ የኔ አይደለም አትለውም?»

«ስጠኝ አላለኝም። አመሰገነው እንጂ።»

«አመስግኖ ከሆነማ የሚወስደው፣ ሚስትህን ሳያመሰግናት በመሄዱ እግዜር አውጥቶሃል!»

ከባህር ዛፍ አዲስ ቀንበር ጠርቤ ልተካልዎ ብላቸው «ባህር ዛፍ ለአጥርም ሲበዛበት ነው» አሉኝ። ከዚያ ቦራን አዞሩት። «ስማኝ። ነገሩ የእንጨት አይደለም። የሰው ነገር ሳትጠይቅ ሰጠህ። ቀንበሬ እስኪመጣ ድረስ በሬዬ በሬህን አያውቀውም» ብለው እብስ አሉ።

ሰኔና ሰኞ ሲገጥም እንዲህ ነው። የገብስ ዘር ሰዓት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀናጅቶ ውሏል፤ ለኔ የሚተርፍ በሬ የለም። ዘሩ በጆንያ ቆሟል፤ መሬቱ ጦሙን አድሯል። አያ ታከለ ከሌላ ሰው ጋር ከተቀናጁ ደግሞ እኔና ይታይሽ ዓመቱን ሙሉ የምንበላው የሰው ፊት ነው። ይህ ሁሉ በምን መጣ? በጨዋነት!

ሌላው የሚያናድደኝ የዳልቻ ነገር ነው። ሥራ ፈቶ በሰነበተ ጊዜ ጫንቃው ዳነ። ቄሱ አልፈው ሲሄዱ አዩትና «ታዲያ የቁስል ዶክተር ነው ብንል ምን አጠፋን? ቀንበሩን ወስዶ በሬህን ፈወሰልህ እኮ» አሉኝ። እርሳቸው ካህን ባይሆኑ የምመልሰውን አውቅ ነበር።

ቁጥሩን ከሊቀ መንበሩ ተቀብዬ፣ ጉብታው ላይ ወጥቼ ለዶክተሩ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ያ ቀንበር ስጦታ አይ…» ስል ኔትወርኩ ዋጠኝ። እርሱ የሰማው «ስጦታ»ን ብቻ ነው።

«አዎን አባቴ፣ ታላቅ ስጦታ ነው! ረቡዕ ንፋስ መውጫ አዳራሽ ዐውደ ርእይ አለን። ሕዝቡን ማሳተፍ ስለምንፈልግ እርስዎ የክብር እንግዳ ነዎት!» አለና ተቋረጠ። ይህ ኔትወርክ የሚሰማው የሚጎዳኝን ብቻ ነው እንዴ?

ረቡዕ ነጠላዬን አጣፍቼ በሚኒባስ ንፋስ መውጫ ገባሁ። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፤ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ከገበያ የተረፈው ሁሉ አለ። የአያ ታከለ ቀንበር መሐል ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎለት ጋደም ብሏል። ቫርኒሽ ቀብተውት እንደ ሙሽራ ጫማ ያብለጨልጫል። ከፊቱ «መንካት ክልክል ነው» ይላል። ጫንቃው ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፈውበታል። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። «ጥንታዊ ቀንበር። የአካባቢው ገበሬዎች በቀድሞ ዘመን ለእርሻ ይገለገሉበት የነበረ።»

ኧረ ጉድ! ባለፈው ረቡዕ ነው እኮ ያረስኩበት! ያለፈው ረቡዕ የቀድሞ ዘመን ከሆነ የዛሬ ረቡዕ ማን ሊባል ነው?

ዶክተሩ አየኝና እጁን ዘርግቶ መጣ። «ለጋሹ አባታችን መጥተዋል!» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። የቀንበሩ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ነጠላዬ ላይ ደረቡልኝ። ሰው ቀንበሩን ተቀምቶ ሥዕሉን ሲያለብሱት ምን ይላል? ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ነገሩን ነገርኩት። ቀንበሩ የኔ እንዳልሆነ፣ ዘር እንደያዘኝ፣ «ውሰደው» ማለት ውሰደው ማለት እንዳልሆነ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት።

ዶክተሩ ከልቡ ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያም ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ክፉ ሰው እኮ ይሰደባል። «ግን አባቴ፣ እርስዎ በግልጽ ነው የፈቀዱት። ያን ዕለት የቀዳነው ድምፅዎም አለን» አለና ስልኩን ነካ አደረገ። ስልኩ ለካ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተገናኝቷል። የገዛ ድምፄ አዳራሹን ሞላው። «የርስዎው ነው፤ ይውሰዱት። ምን ቁም ነገር አለው? እንኳን ቀንበሩ ቤቱም የርስዎ ነው!»

ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው።

«ታዲያ ቤቱን ለምን አልወሰዱትም?» ብዬ ጮኽኩ። «ቀንበሩን ስል ያመኑኝ ቤቱን ስል ለምን አላመኑኝም? ይታይሽን ከነምድጃዋ ጣሪያው ላይ አይጭኗትም ነበር!»

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። ለማስመለስ ኮሚቴ መሰብሰብ እንዳለበት፣ ኮሚቴው ደግሞ ከክረምት በኋላ እንደሚሰበሰብ ነገረኝ። ከክረምት በኋላ! ገብስ ኮሚቴ ይጠብቃል? ይኼን ስንባባል ከዩኒቨርሲቲው የመጡ አንድ ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥተው ንግግር ጀመሩ። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። ዶክተሩ አክብሮት ነውና ወደ መድረኩ ዞረ። እኔም ዞርኩ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም።

«ይህ ዐውደ ርእይ የዩኒቨርሲቲው አይደለም» አሉ ኃላፊው። «የእናንተ የጋይንት ሕዝብ ነው! እዚህ የምታዩት እያንዳንዱ ዕቃ የእናንተው ነው! እኛ አደራ ጠባቂዎች ነን እንጂ ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ!»

ጭብጨባው ቀለጠ።

«የእኛው ነው?» አልኩ ከመሐል።

«የእናንተው ነው አባቴ!» አሉ፤ ደስ አላቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና ቀንበሩን ብድግ አድርጌ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት።

አዳራሹ ድብልቅልቁ ወጣ። ዘበኛው «ይቁሙ!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ቀሰረብኝ። ዶክተሩ እየሮጠ መጥቶ ፊቴ ቆመና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አባቴ፣ አነጋገር እኮ ነው! ለአነጋገር ያህል ነው እንጂ ውሰዱ ለማለት አይደለም!»

ይህን ቃል ሳገኝ ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ቀን አንቆ የያዘኝን፣ ልለው ፈልጌ ያልወጣልኝን፣ እርሱ ራሱ በገዛ አፉ አለው።

«አነጋገር ነው? የኔስ ምን ነበር ወንድሜ? እርስዎ ሲናገሩት አነጋገር፣ እኔ ስናገረው ስጦታ?»

ቀጥ አለ። ኃላፊውም መድረኩ ላይ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ለዘበኛው «ያዘው» እንዳይሉ አሁን በሕዝብ ፊት «የእናንተው ነው» ብለዋል፤ «ይሂድ» እንዳይሉ ቀንበሩ መዝገብ ገብቷል። ይሉኝታ ያዛቸው! እርሳቸውንም ያዛቸው! እኔን ሲይዘኝ ማን አየልኝ? ዶክተሩ ከፊቴ ዞር አለና በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አልገባኝም ነበር» አለኝ በዝግታ። አመስግኜው መሄድ እችል ነበር። አልቻልኩም፤ ገና ንዴቴ አልወጣልኝም። ቀንበር አጣሁ፣ ዘር አሳለፍኩ፣ በገዛ ድምፄ ተሣቀብኝ፤ ይህ ሁሉ ባንድ «አልገባኝም ነበር» ይለቃል? ካናቴራውን አውልቄ እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና ወጣሁ።

ሚኒባሶቹ ረጅም ነው፣ አይገባም አሉኝ። አይግባ! በእግሬ አዘገምኩ። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስጮህ ነው የሄድኩት። ዶክተሩን እሰድባለሁ፤ ስድቡ ሲያልቅብኝ ሊቀ መንበሩን፣ እርሱም ሲያልቅ ኔትወርኩን። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤን የሚመታው ሌላ ነገር ነበር። አያ ታከለ ይኼኔ ቦራን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አጣምደው ቢሆንስ?

ደጃቸው ስደርስ ተቀምጠው ጠፍር ያለፋሉ። ቦራ አጠገባቸው ታስሯል። ቀንበሩን አምጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩና ቆምኩ። ቀና ብለው አላዩኝም። ቀንበሩን አሸተቱት።

«ምን ቀቡት?»

«ቫርኒሽ ነው። እንዳይበላሽ ብለው ነው።»

«ሲታረስበት መች ተበላሸ?» አሉ። በአውራ ጣታቸው ወረቀቱን ፈተጉት፤ አልላቀቅ አለ። «ይኼስ ምን ይላል? ዐይኔ ደክሟል፤ አንብብልኝ።»

ባላነበብኩት በወደድኩ። ግን አነበብኩላቸው።

«ነበረ ነው የሚለው?» አሉ።

«ነበረ ነው የሚለው።»

«በቀድሞ ዘመን?»

«በቀድሞ ዘመን።»

«እንግዲያማ እኔና አንተ ሞተናላ!»

«እንደ ምሁሮቹ ከሆነ፣ አዎ አያ ታከለ።»

ሰማዩን አዩት፤ ጉና ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሯል። ጠፍሩን አስቀምጠው ተነሡና ቀንበሩን በሁለት እጃቸው አቀፉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ሞተንም እንደሆን ነገ ማለዳ እንነሣለን» አሉኝ። «ዳልቻን ይዘህ ና።»